ድንኬ ጽጌረዳና የቲማቲም ዘመቻ

ሰኞ፣ ጥቅምት 4 ቀን 1972

ይህን ደብተር የገዛሁት ለሒሳብ ነበር። ሒሳብ አይገባኝም፤ ደብተሩ በከንቱ እንዳይቀር የቤታችንን ሰዎች ልጽፍበት ነው። እነሱም አይገቡኝም።

አባዬ፣ አቶ ወልደ ሰንበት፣ ብርድ ልብስ ፋብሪካ ማሽን ላይ ነው የሚሠራው። ማሽኑ ስለሚጮህ እዚያ መናገር አይቻልም፤ ቤት ሲመጣም የማይቻል ይመስለዋል። እቴቴ ወለተ ጊዮርጊስ የአባዬ ታላቅ እኅት ናቸው። እማዬ የሞተች ጊዜ ለአርባዋ ከአንኮበር መጡ። ይኸው ሁለት ዓመት አለፈ፤ አርባው ገና አላለቀም። ሦስተኛዋ እኔ ንጋቷ ነኝ፤ ዘጠነኛ ክፍል፤ እቴቴ "ምላስሽን ለብቻው መዳር ነው" የሚሉኝ።

አራተኛዋ ድንኬ ናት።

ድንኬ ጽጌረዳ ናት። እማዬ አንድ ጊዜ ደብረ ሲና ወርዳ ስትመለስ የተሳፈረችበት የጭነት መኪና ሹፌር በጣሳ የተተከለች ችግኝ ሰጣት። (አባዬ ይህ ሹፌር በተነሳ ቁጥር እስከ ዛሬ ጉሮሮውን ይጠርጋል።) የሰው ጽጌረዳ አጥር ላይ ይንጠላጠላል፣ ድጋፍ ይፈልጋል፣ በክረምት ይታመማል። የእኛዋ ከጉልበቴ አታልፍም። ግቢያችን ከበሩ እስከ ወጥ ቤቱ አንድ የልብስ ማስጫ ገመድ ነው፤ ከዚያ በላይ ብታድግ ኖሮ ወይ እሷ ወይ እኛ መውጣታችን ነበር። የልብስ እጣቢ ትጠጣለች፣ አመድ ትበላለች። እማዬ በዓመት አንዴ፣ የካቲት ላይ ውርጩ ሲያልፍ፣ ትከረክማት ነበር። በቃ፣ ሌላ ጣጣ የላትም። ከመስከረም እስከ ግንቦት ሳትለመን ታብባለች፤ ትናንሽ፣ ሮዝ፣ እንደ ሕፃን ጉንጭ የተጠጋጉ።

"እንደ እሷ ያለ ልጅ ነበር የምፈልገው" ትለኝ ነበር እማዬ፣ "ምግብ የማያማርጥ።"

ሐሙስ፣ ጥቅምት 7

በጥድፊያ። የቀበሌ ስብሰባ ነበር። ለምርት ዘመቻው ተብሎ ተወስኗል፦ ማንኛውም ግቢ፣ አንድ ክንድ መሬት ሳይቀር፣ ቲማቲም ይተከልበታል። ችግኙ ከላይ ይመጣል። አበባ የተባለ ሁሉ ይነቀላል። ኅዳር መጨረሻ ላይ ኮሚቴ እየዞረ ያያል።

ውሳኔውን ያነበበው ሊቀመንበሩ ጓድ ኃይለ ገብርኤል ነው። ድሮ ፀጉር አስተካካይ ነበር። ዛሬም ሁሉን ነገር አጭር ይወዳል፤ ከንግግሩ በቀር። (ፊት ለፊት "እርስዎ" እለዋለሁ። እዚህ ግን ደብተሩ የኔ ነው።)

"አበባ ይበላል ወይ?" አለ።

"አይበላም!" አልን ሁላችንም።

አባዬም "አይበላም" አለ። አጠገቤ ነበር፤ ሰምቼዋለሁ።

ሲበተን ሽማግሌዎቹ ከበሩ ውጪ ተሰብስበው ይንሾካሾካሉ። ቲማቲም የደብረ ብርሃንን ታኅሣሥ አይችልም፤ ይህን የማያውቅ ሰው የለም፤ አመዳዩ ሲወርድ ውሻ እንኳ ጥርሱ ይንገጫገጫል።

"ንገራቸዋ!"

"እኔ? አንተ ታላቅ አይደለህ?"

"ማን ነው ታላቅ? እኔ እኮ አንተ ስትዳር ልጅ ነበርኩ!"

ሌላ ጊዜ ለመቀመጫ በዕድሜ የሚጣሉ ሰዎች ዛሬ ሁሉም ታናሽ ሆኑ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 16

መሊካ መጣች። ከክፍል ጓደኛዬ በላይ ናት። አገሯ አልዩ አምባ ነው፤ እናቷ በርበሬ እየጫኑ ለገበያ ይመጣሉ፣ እሷ ለትምህርት እዚህ ዘመድ ቤት ትኖራለች። የቲማቲሙን ነገር ስነግራት ሆዷን ይዛ ሳቀች።

"ወላሂ እኛ አገር ቲማቲም ሳይተክሉት ይበቅላል። እናንተ ብርድ ትከሉ፣ እሱ ይዋጣላችኋል።"

ከዚያ ድንኬ አጠገብ ተቀመጠች። እማዬን ታውቃታለች። ስትመጣ እማዬ ሁልጊዜ አንድ አበባ ፀጉሯ ላይ ትሰካላት ነበር።

"አባትሽ ምን አለ?"

"አይበላም አለ።"

ሰኞ፣ ጥቅምት 25

የመሠረተ ትምህርቱ አዲስ ዙር ሊጀመር ነው፤ እስከዚያ የክረምቱን ዙር ተማሪዎች እንድናስጠና ታዘናል። የኔ ተማሪዎች ሁሉም እናቴን ወይም አያቴን ይሆናሉ። ስጠይቃቸው እንደ ሕፃን ፊታቸውን ያዞራሉ፤ ስሳሳት ግን እንደ እናት ይቆጡኛል።

ጎበዟ እትዬ በሰለች ናት። ባሏ የሞተባት፣ ጥጥ እየፈተለች የምትሸጥ። ረጋ ያለች ሴት ናት፤ ፊደል ሲጠፋት ጣቷን ፊደሉ ላይ አሳርፋ ትጠብቃለች፤ እስኪመጣላት፣ እንዲሁ።

አባዬ ሲመሽ ሊወስደኝ ይመጣል። "ጅብ አለ" ይላል። ጅቡ በሰባት ደቂቃ መንገድ መካከል፣ መብራት ካለበት አስፋልት ላይ መሆኑ ነው። ዛሬ ቀደም ብሎ መጥቶ መስኮቱ ሥር ቆሞ ነበር። በሸሚዙ አንገት ላይ አዲስ ቁልፍ ተሰፍቶበታል። የሰፋው ማን እንደሆነ ብጠይቅ "ራሴ" አለ። አባዬ መርፌ ውስጥ ክር ሲያስገባ ከማየት ግመል ሲገባ ማየት ይቀላል። ምን እንደ ነካው እንጃ። የድንኬ ነገር ከንክኖት ይሆናል።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 3

ዛሬ አባዬ ተናገረ!

ከሥራ ሲመለስ እቴቴ ቤተ ክርስቲያን ነበሩ። ጠራኝ። መቀሱን ይዟል። ከድንኬ ጠንከር ያሉትን ቅርንጫፎች እየመረጠ፣ ከአንጓው ሥር ሰያፍ አድርጎ እየቆረጠ፣ ቅጠሉን ከታች እየመለመለ ሰጠኝ።

"ውርጭ ሲመጣ አትቆረጥም" አለ፤ "ያቆጠቆጠውን ይገድለዋል። እናትሽ ብታየኝ እጄን ትመታኝ ነበር። ግን እዚህ ልንተክላቸው አይደለም። የመሊካ እናት በሚቀጥለው ቅዳሜ ይመጣሉ። አልዩ አምባ ያደርሱልናል። እዚያ ሙቀት ነው፤ በትር ብትተክይ ይጸድቃል። ሥር ይያዙ፣ ይህ ዘመቻ ይለፍ፣ አንዷን እንመልሳለን። ይቺን ደግሞ… ኮሚቴው ሲመጣ እናያለን።"

ከእማዬ ሞት ወዲህ በአንድ ጊዜ ይህን ያህል ሲናገር አልሰማሁም። እርጥብ ጆንያ ጠቅልለንላቸው ከወጥ ቤቱ ጀርባ፣ ጥላው ውስጥ አስቀመጥናቸው።

"ለእቴቴ?"

"ለእቴቴ ከነገርሽ ለሬድዮ ነገርሽ ማለት ነው።"

ሳቅን። ሁለታችንም።

ሐሙስ፣ ኅዳር 12

ምን ብዬ እንደምጽፍ።

ኅዳር ሲታጠን ነው ዛሬ። ከተማው ሁሉ ገና ሳይነጋ ቆሻሻውን ከየግቢው አውጥቶ ያቃጥላል፤ በሽታው እንዳይመለስ። ስነቃ ጭሱ ቤት ገብቷል። እቴቴ ሌሊት ተነስተው ግቢውን ከጫፍ እስከ ጫፍ ጠርገዋል። የድሮ ሰሌን፣ የዶሮ ላባ፣ የተቀደደ ጫማ፣ ከወጥ ቤቱ ጀርባ ያገኙት "የረጠበ፣ የሸተተ ጆንያ"።

"አልነድ ብሎ አስቸገረኝ" አሉ ደስ ብሏቸው፤ "ላምባ ጨመርኩበት።"

አባዬ እሳቱ አጠገብ ቆመ። አመዱን በእግሩ ገለጥ አደረገ።

እቴቴ ፊቱን አይተው "ምን ነበር ወልዴ?" አሉ።

"ምንም" አለ። "ቆሻሻ ነው።"

ዓርብ፣ ኅዳር 13

ለእቴቴ ነገርኳቸው። ልጮህባቸው ነበር የፈለግኩት። ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ቁጭ አሉ። "ምነው ለኔ ብትነግሩኝ!" አሉ። እውነት ነው። በእሳቸው ለማሾፍ ስንል ነው የተቃጠለው።

የመሊካ እናት ነገ ይመጣሉ፤ የምንሰጣቸው የለም። ድጋሚ እንቁረጥ ብዬ ነበር። አባዬ ከቅርንጫፎቹ የቀሩት እንደ ክር የቀጠኑ ናቸው፣ ከነካናት እሷም ትሞታለች አለ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 21

ኮሚቴው ከተባለበት ቀን በፊት መጣ። ጓድ ኃይለ ገብርኤል፣ ሁለት አብዮት ጠባቂ፣ አንድ ጋሪ።

ቀድሜ ተዘጋጅቼ ነበር። "ጓድ ሊቀመንበር፣ ይቺ ጽጌረዳ ሠርቶ አደር ናት፤ ውኃ አትጠይቅም፣ ቦታ አትይዝም፣ ዓመቱን ሙሉ ታመርታለች" አልኩት።

"ምን ታመርታለች?"

"ደስታ።"

አንዱ ጠባቂ ሳቀ። ሊቀመንበሩ አልሳቀም። አባዬን አየው። "ጓድ ወልደ ሰንበት፣ ልጅዎ ተረብ ትችላለች። ከእርስዎ ቤት ነው የሚሰማው?"

ድምፁ ዝቅ ያለ ነበር። እቴቴ በሩ ላይ ሆነው "ወልዴ፣ ለእንጨት ብለህ ስምህን አታስጠራ" አሉ፤ እንደ ጸሎት። አባዬ በአጥሩ ላይ አሻግሮ ወደ ጎረቤታችን ቤት አየ። ያ ቤት ሁለት ዓመት እንደ ተቆለፈ ነው። ልጃቸውም ተረብ ይችል ነበር።

ከዚያ አባዬ ዶማውን አነሳ። በራሱ እጅ። ዙሪያዋን ቀስ ብሎ ቆፍሮ፣ ከነሥሯ፣ ከነአፈሯ አወጣት። እንዳትሰበር የሚጠነቀቅ ይመስል ነበር። ጋሪው ላይ ጣሏት። አበባ ላይ ነበረች።

በቦታዋ አሥራ ሁለት የቲማቲም ችግኝ ተከልን።

ሲሄዱ አባዬን "እማዬን ሁለተኛ ቀበርካት" አልኩት።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 24

አላናገርኩትም። እሱም። ግን እሱ ሁልጊዜ ስለማይናገር ቅጣቴ እንደ ገባው አላውቅም።

የተናገርኩት ነገር እየመጣ ይነክሰኛል። ልመልሰው እፈልጋለሁ፤ ደግሞ አልፈልግም።

ትላንት ማታ ሊወስደኝ አልመጣም። ለብቻዬ ተመለስኩ። እትዬ በሰለች በሩ ላይ ቆማ ወደ አስፋልቱ ስታይ ነበር። "አባትሽ ደኅና ነው?" አለችኝ። "ደኅና ነው" አልኳት። "ጉንፋን ይዞት እንዳይሆን፤ ሲበርደው አይናገርም" አለች። ሲበርደው እንደማይናገር እንዴት አወቀች? ሲሞቀውም አይናገርም።

እሑድ፣ ታኅሣሥ 6

ወረደ።

ጠዋት በሩን ስከፍት መሬቱ ነጭ ነው። ሣሩ ከእግሬ ሥር ይሰበራል። የቲማቲሞቹ ቅጠል ጥቁር፣ እንደ ተቀቀለ ጎመን ተንጠልጥሏል። የእኛ ብቻ አይደለም፤ የሠፈሩ ሁሉ። ሰዎች በየበራቸው ቆመው ያያሉ። የአንዳንዱ ሽማግሌ ፊት ላይ ግን "ብዬ ነበር" የሚል አለ። ምንም አላለም ነበር!

ድንኬ ብትኖር አመዳዩ እንቡጦቿ ላይ ያበራ ነበር። ፀሐይ ሲወጣ ቀልጦ ይወርዳል፤ እሷ ያው ናት።

ረቡዕ፣ ታኅሣሥ 9

ስብሰባ። ጓድ ኃይለ ገብርኤል የቲማቲሙን "ሁኔታ" ሊገመግም ቆመ። የብርዱ ጥፋት እንዳይሆን፣ የችግኙ እንዳይሆን፣ የውሳኔው ደግሞ ጭራሽ እንዳይሆን ብዙ ተጨነቀ። በመጨረሻ "በቂ ክትትል አልተደረገለትም" አለ።

አንዲት ባልቴት ከኋላ "ልጄ፣ ብርድ ልብስ እናልብሰው ነበር?" አሉ።

አንድ ሰው ሳቀ። ዞር ስል አባዬ ነው። አፉን በጋቢው አፍኖ ትከሻው ይንቀጠቀጣል። እቴቴ ሳቁን ለመሸፈን ሳል ጀመሩ፤ የእሳቸው ሳል ከሳቁ የባሰ ነበር። ከዚያ አዳራሹ ሁሉ አሳለ። ሊቀመንበሩም ጥቂት ቆይቶ መሐረቡን አውጥቶ አፍንጫውን ጠረገ፤ ግን አፍንጫው ደረቅ ነበር።

ስንመለስ ጎን ለጎን ሄድን። የጋቢውን ጫፍ ትከሻዬ ላይ ጣለልኝ። ይቅርታ ልጠይቀው ትንሽ ነበር የቀረኝ።

ሰኞ፣ ታኅሣሥ 14

ሁሉን ልጻፈው፤ ካልጻፍኩት አልተኛም።

እትዬ በሰለች ሁለት ቀን ከትምህርት ቀረች። ታማ ይሆናል ብዬ ቤቷ ሄድኩ። ጉንፋን ነው፤ ራሷን በሻሽ አስራ ጀርባው ጓሮ ፀሐይ ላይ ተቀምጣለች። ተነስታ ልትቀበለኝ ስትል ከኋላዋ፣ ከጣራው ክፈፍ ሥር፣ በተጠማዘዘ የዘይት ቆርቆሮ ውስጥ አየኋት።

ድንኬ። ትንሽዬ፣ ከስንዝር ትንሽ ከፍ ያለች፣ ሁለት እንቡጥ ይዛ። ሌላ ጽጌረዳ ልትሆን አትችልም፤ የድንኬን ቅጠል በጨለማ ብዳብሰው አውቀዋለሁ።

"ከየት መጣች?" አልኩ።

እትዬ በሰለች ተቀመጠች። "ተቀመጪ" አለችኝ። አልተቀመጥኩም።

"አባትሽ ሰጠኝ። ቁራጯን። ሐምሌ ላይ፣ ዝናብ ሳለ።"

"ኮሚቴው እንዴት አላያትም?"

"እንቅብ ደፋሁባታ። ምንድን ነው ሲለኝ 'ዶሮ አስታቅፌ ነው ጓድ ሊቀመንበር፣ ብርሃን ከገባባት እንቁላሉን ትረግጠዋለች' አልኩት። 'ጎበዝ፣ ዶሮ ምርት ነው' ብሎኝ ሄደ።"

ሌላ ቀን ቢሆን መሬት ላይ ተንከባልዬ እስቅ ነበር። ሐምሌ የምትለው ቃል ግን ጆሮዬ ላይ ቀርታለች። ሐምሌ ላይ ዘመቻ የለም። የቲማቲም ወሬ የለም። ድንኬን ከምንም ለማዳን አልነበረም የሰጣት።

"ሐምሌ ላይ ለምን ሰጠሽ?"

ጣቷን ጉልበቷ ላይ አሳርፋ ጠበቀች፤ ፊደል ሲጠፋት እንደምታደርገው። ከዚያ "እናትሽ የተከለቻት መሆኗን ነግሮኛል" አለች። "የደረቀ አበባዋን እንዴት እንደምትቆነጥር፣ የካቲት ላይ እንዴት እንደምትከረክማት፣ ሁሉን ነግሮኛል። ውኃ ሳጠጣት ስሟን እጠራለሁ። ወለተሐና እላታለሁ።"

የእማዬ ስም ነው።

ወጣሁ። ደኅና ሁኚም አላልኩ።

ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 15

ለመሊካ ነገርኳት። ጠብቃ ጠብቃ፣ "ጨረስሽ?" አለችኝ።

"አንቺ ታውቂ ነበር?"

"እኔ? ሱቅ ያሉት ያውቃሉ፣ ወፍጮ ቤት ያሉት ያውቃሉ፣ ጅቡም ያውቃል። አንቺ ብቻ ነሽ ተማሪዎችሽን ሀሁ ስታስቆጥሪ መስኮቱን ያላየሽ።"

"ለምን አልነገርሽኝም?"

"ሰውየው እናትሽ ከሞተች ጀምሮ ሲስቅ ያየሁት እዚያ መስኮት ሥር ነው። ልበርዘው?"

ተናደድኩ። ቤቴ ድረስ ሸኘችኝ፤ የተናደድኩ ጊዜ መንገድ እንደምስት ታውቃለች።

ረቡዕ፣ ታኅሣሥ 23

እቴቴ ጥጥ እየባዘቱ ጠሩኝ።

"ልጄ፣ ወንድሜ ከእናትሽ ሞት ወዲህ ለኔ የነገረኝ ሁለት ነገር ነው፤ 'እሺ'ና 'ጠገብኩ'። እኔ መብል እንጂ ጨዋታ አላውቅም። እዚህ የተቀመጥኩት እናንተን ትቼ ብሄድ ማን ያያችኋል ብዬ ነው። አንኮበር ቤቴ ጣራው ሊወርድ ነው። አንድ በግ ነበረኝ፣ እሱንም ጎረቤት በልቶታል።"

"ማን ነገረዎት?"

"ማንም። እኔ ብሆን እበላው ነበር።"

ሁለት ዓመት ሙሉ አልሄድ አሉ ብዬ ስቀልድ፣ እሳቸው መሄድ ይፈልጉ ነበር።

"እማዬስ?" አልኩ። ሌላ ቃል አልወጣልኝም።

"እናትሽማ የት ትሄዳለች?" አሉ፣ ጥጣቸውን ሳያቋርጡ።

ሰኞ፣ ጥር 5

ሽማግሌ ተላከብኝ!

እውነቴን ነው። ለአንዲት ዘጠነኛ ክፍል ተማሪ። አባዬ እኔን ፊት ለፊት መጠየቅ ስላቃተው፣ የሰው ልጅ ሲጠየቅ እንደሚደረገው፣ ሦስት ሰው ላከ፦ እቴቴን (እዚሁ ቤት ነው የሚኖሩት፤ ወጥተው አንኳኩተው ገቡ)፣ የመሊካን እናት እሜቴ ኩብራን፣ ሦስተኛው ደግሞ… ጓድ ኃይለ ገብርኤል! ኮፍያውን አውልቆ፣ በትር ይዞ። አባዬን "እኔም ልሂድልህ" ያለው ራሱ ነው አሉ። ለሽምግልናው ክብር ስል ለዛሬ "አሉ" እያልኩ ልጻፍለት።

ቆሙ። ተቀመጡ ብላቸው "ሳንሰማ አንቀመጥም" አሉ። ሥርዓቱን ያውቁታል።

"አባትሽ" አሉ ጓድ ኃይለ ገብርኤል፣ "ወይዘሮ በሰለችን ሊያገባ አስቧል። ያለ አንቺ ፈቃድ ግን እግሬን አላነሳም ብሏል።"

"ቢስሚላህ፣ እሺ በይና እንቀመጥ፤ ጉልበቴ አለቀ" አሉ እሜቴ ኩብራ።

አባዬ ወጥ ቤት ተደብቋል። በቀዳዳው ጫማው ይታየኛል።

እኔም ሥርዓቱን አውቃለሁ። በመጀመሪያው ቀን እሺ አይባልም። "ቤተ ዘመድ ላማክር፤ ከጥምቀት በኋላ ተመለሱ" አልኳቸው።

እቴቴ "ቤተ ዘመድሽ እኔ ነኝ፣ አንቺ እርጉም!" አሉ። ቢሆንም ወጡ፤ ዞረው በጓሮ በር ተመለሱና ራት ሠሩ።

ረቡዕ፣ ጥር 14

ተመለሱ። ቆሙ።

"አንድ ነገር አለኝ" አልኩ። "እትዬ በሰለች ጋ አንዲት ጽጌረዳ አለች። እሷ ከእኛ ግቢ ትገባለች። ማንም አይነቅላትም።"

ሁሉም ወደ ጓድ ኃይለ ገብርኤል ዞሩ። በትራቸውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ። "ውሳኔው አልተሻረም" አሉ። "አበባ በመመሪያው… ለጌጥ ከሆነ አይቻልም።" ላባቸው። እሜቴ ኩብራ ጉልበታቸውን ያሻሉ። "ነገር ግን" አሉ በመጨረሻ፣ "አፈር እንዳይሸረሸር የሚተከል ቁጥቋጦ ይፈቀዳል። የአፈር ጥበቃ ነው።"

ግቢያችን እንደ ምጣድ የተደለደለ ነው። የሚሸረሸር ነገር ቢኖር የእቴቴ ትዕግሥት ብቻ ነው።

"የአፈር ጥበቃ ነው" አልኩ።

"በእጄ እጽፈዋለሁ" አሉ። ከዚያ ዝቅ አድርገው፣ ለኔ ብቻ፣ "ያን ቀን ጋሪው ላይ ስትጫን አበባ ላይ ነበረች፤ አይቻታለሁ" አሉ።

"እሺ" አልኩ። ተቀመጡ። አባዬ ከወጥ ቤት ወጣ፤ ዓይኑን ጭሱ አስለቅሶታል። ምድጃው ግን አልተለኮሰም ነበር።

ማታ አጠገቡ ሄጄ "ያልኩህን ነገር…" ስል፣ "የትኛውን?" አለ። "ስንት ነገር ትናገሪያለሽ፤ ሁሉን ብይዝ የት አስቀምጠዋለሁ?" ራሴ ላይ እጁን አሳርፎ ቆየ። ያንን ቃል ግን እንዳልረሳው አውቃለሁ።

እሑድ፣ የካቲት 2

ነገ ጾም ይገባል። ውርጩ ካለፈ ሰነበተ።

እትዬ በሰለች ባለፈው ሳምንት ነው የገባችው። ድግስ አልነበረም፤ እቴቴ ዶሮ ሠሩ፣ ሁለት ቀን አልቅሰው በሦስተኛው ቀን ለአንኮበር ተሳፈሩ። ሲሄዱ ጨው አታብዢበት፣ ጫማውን በር ላይ ያውልቅ፣ ልጅቷ ስትናደድ አትከተያት፣ ራሷ ትመለሳለች እያሉ ለእትዬ በሰለች ስለኛ ምክር ሰጡ። ቤቱ ጸጥ ብሏል። እውነቱን ለመናገር ናፍቀውኛል።

ዛሬ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ የቆርቆሮዋን ጽጌረዳ ልንተክላት ተቀጣጥረን ነበር። መንገድ ላይ ሁሉ ለእትዬ በሰለች ምን እንደምላት ሳሰላስል መጣሁ። እማዬ የተከለችበት ቦታ ላይ፣ የጠቆሩት ቲማቲሞች የተነቀሉበት ላይ፣ ልክ እዚያው ላይ እንድትሆን አልፈልግም። ክፋት አይደለም። እዚያ ሌላ ሰው ቆሞ ነበር፤ ቦታው ባዶ አልነበረም። ይህን ደግሞ ለአዲስ እንጀራ እናት እንዴት ይነገራል? ሳስበው ንግግሩ ሁሉ ከአፌ ሳይወጣ ይሻክራል። በሩ ላይ ስደርስ "ቦታው ይጠባል" ልል ወስኜ ነበር።

ገባሁ። አባዬ ባልዲ ይዞ ቆሟል። እትዬ በሰለች ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ፣ ዶማ ይዛ፣ ተንበርክካለች። ቆፍራ ጨርሳለች፤ አመድና ፍግ ቀላቅላ ከጉድጓዱ ሥር አንጥፋለች። የድሮው ቦታ ያልተነካ ነው። እንደ አልጋ ተስተካክሎ ተደልድሏል፤ ዙሪያውን ትናንሽ ድንጋይ ደርድራበታለች። የቆፈረችው ከጎኑ ነው፤ አንድ ክንድ ፈቀቅ ብላ፣ የቀድሞዋን ፀሐይ እንዳትጋርድባት ወደ ወጥ ቤቱ በኩል።

"እዚህ ይሁን?" አለችኝ ቀና ብላ። "ካልወደድሽው እንደፍነዋለን።"

ቆርቆሮውን በሁለት እጄ አነሳሁና ወሰድኩላት።